በዓል የማያውቅ ሠራተኛ

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አራት መቶ ለሚሆኑ ደንበኞቼ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» የሚል መልእክት ደረሳቸው። እኔ ተኝቻለሁ። የላከው ቦቱ ነው። ቀኑን ስሞላለት በፈረንጅ «ሴፕቴምበር 11» ብዬ ነበር። ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆንና እንቁጣጣሽ በአንድ ቀን እንደምትገፋ ረስቼዋለሁ። ስነሳ ስልኬ በሳቅ ምልክት ተሞልቶ ጠበቀኝ። አንዷ ደንበኛ «እናንተ ጋ ገባ እንዴ? እኛ ገና ዶሮ አልገዛንም» ብላ ጽፋለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ለስህተቱም ማካካሻ ብዬ ለሦስት ቀን ዋጋ ቀነስኩ።

የምጽፈው ግን ስለዚያ አይደለም። ስለ ሁለተኛው ስህተት ነው፤ በዚያ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልነገረኝምም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ገርጂ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጬ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦትና ማጨሻ እሸጣለሁ። ሱቄ የቴሌግራም ቻናል፣ መጋዘኔ የመኝታ ቤቱ ግማሽ ነው። ሠራተኛ የለኝም። መጀመሪያ ሁሉን በራሴ ነበር የማደርገው፤ «ዋጋ?» ለሚል አንድ ቃል ጥያቄ በቀን ስልሳ ጊዜ መመለስን ጨምሮ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከአሜሪካ ለእናቷ ስጦታ የምታዝዝም አለች። ከዚያ አንድ ፕሮግራም የሚሠራ ወዳጄ ቀስ በቀስ ቦት አበጀልኝ። ቦቱ ዕቃውን ያሳያል፣ ዋጋ ይናገራል፣ የቴሌብር ክፍያውን ያረጋግጣል፣ ትዕዛዙን ለሞተረኛ ይልካል። እኔ ማታ ማታ ዕቃውን አሽጌ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ በሩ ላይ ካለው ጥበቃ ዘንድ አስቀምጣለሁ። ሰርቨሩ ውጭ አገር ስለሆነ የገርጂ መብራት ቢጠፋም አይሰማውም። ባለቤቴ «ቦቴህ» ትለዋለች፤ ነዳጅ የሚያመላልስ መኪና ያለኝ እስኪመስል።

ሞተረኞቹ ሦስት ናቸው። በየሳምንቱ ተራ አላቸው፤ ተራውን ቦቱ በነጥብ ያወጣል። መልእክት ደርሶት በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልመለሰ ነጥብ ይቀነስበታል፣ ትዕዛዙም ለሚቀጥለው ያልፋል። ነጥቡ ያነሰ የሚቀጥለውን ሳምንት ሁሉ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፤ መጨረሻ ላይ ያለ ደግሞ ብዙም አይደርሰውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አድሎ የሌለበት መስሎኝ ነበር፤ ማሽን ማንን ያዳላል?

አንድ የኢድ አል ፈጥር ዕለት፣ ቀኑ የሕዝብ በዓል ስለሆነ፣ ቤተሰቤን ይዤ ቢሾፍቱ ወረድኩ። ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ስልኬ ቲን ቲን ይል ነበር። «አየሽ፣ እየተዝናናን እየሠራን ነው» አልኳት ባለቤቴን። ኩራቴ ትዝ ይለኛል።

ወሩ መጨረሻ ላይ ሂሳብ ስሠራ መዝገቡን አየሁት። ሙስሊሙ ሞተረኛ በዚያ ጠዋት ሁለት መልእክት ደርሶት አልመለሰም፤ ሁለት ጊዜ ተቀንሶበታል። ሦስተኛውን ተቀብሎ አያት ድረስ አድርሷል። ደወልኩለት።

«የኢድ ዕለት ሠርተሃል እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። ሶላት ላይ ሆኜ ሁለቱ አለፉኝ። ከስታዲየም እንደወጣሁ ሦስተኛው ሲመጣ ያዝኩት። ጀለቢያዬን እንኳ አልቀየርኩም።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«ማንን ልንገር? ሚሴጁን የላከው ቦቱ አይደል» አለ። ቅሬታ አልነበረውም፤ እንዲያውም ሳቅ ብሎ ነው። ለእኔ ግን የባሰው ይኸው ነው።

ሰበብ ነበረኝ። የቦቱ ሰሌዳ ላይ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ተሞልተዋል፤ በእነዚህ ቀናት ትዕዛዝ አይልክም። የሙስሊም በዓላት ግን የሉበትም፤ ጨረቃ ካልታየች ቀኑ አይታወቅማ! እንዲህ ነበር ለራሴ የምለው። ግን ፋሲካም ቦታውን ይቀያይራል፤ እሱን በባሕረ ሐሳብ የአምስት ዓመቱን አስቀድሜ አስልቼ አስገብቻለሁ። ኢድ ማታ ሲታወጅ ስልኬን አንስቼ አንድ ቀን መጨመር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጨረቃን ሰበብ አደረግኋት እንጂ፣ እውነቱ የራሴን በዓል ስላልረሳሁ ሌላው ትዝ አለማለቱ ነው።

ያ ቀን ሰሌዳ ላይ እንዴት እንደገባ ግን ከማንም ባልተናነሰ አውቃለሁ፤ አባቴ የሚያወራልኝ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓላቸው እንደ ሌላው ዜጋ በዓል የሕዝብ በዓል እንዲሆን ነበር። እስከዚያ ድረስ በኢድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነው፣ ሥራው ይቀጥላል። ዘውዱ ከወረደ በኋላ፣ በ1967፣ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በአገር ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆነው ታወጁ። እኔ ቢሾፍቱ የወረድኩበት ዕረፍት የዚያ ሰልፍ ፍሬ ነው። ዕረፍቱን እኔ በላሁ፤ የበዓሉን ባለቤት በ20 ደቂቃ ሕግ ወደ 1966 መለስኩት።

በዓል በነፃ የመጣበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። የቀዳሚት ሰንበትን ነገር አጥብቀው ያስተማሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ወጥተው አርማንያ አረፉ፤ ተከታዮቻቸውም ብዙ ዘመን ተገፉ። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ደብረ ምጥማቅ ላይ የተወሰነው በፈረንጅ 1450 ነው፤ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ። መንግሥታትም ቀኑን በዋዛ አያዩትም። የድል በዓል ሚያዝያ 27 የሆነው ንጉሡ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ስለሆነ ነው፤ ጣልያን በ1928 የገባበትም ያው ቀን ነበር። ደርግ ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ደርግ ሲወድቅ ተመለሰ። ያው ድል፣ ሁለት ቀን። ቀኑን የሚመርጥ ማን እንደሚታወስ ይመርጣል።

ግን ይህ ስለ መታሰቢያ ነው። እኔን የያዘኝ ስለ ሥራ ማቆሙ ነው። ማረፍ ብቻ ከሆነ ማክሰኞም ማረፍ ይቻላል፤ ብቻዬን የምሠራ ሰው ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል? በዓል ከዚህ ሌላ ነገር አለው። እኔ በቀረሁበት ቀን ማንም ተራዬን እንደማይወስድብኝ፣ ስመለስ ቦታዬ እንደሚጠብቀኝ የሚሰጥ ዋስትና ነው። ዋስትናውን ደግሞ የሚሰጠኝ ሁሉም አብሮ ስለቆመ ነው። የጥንቱ የሰንበት ሕግ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አገልጋዩን፣ በሬውንና በደጁ ያለውን እንግዳ የሚቆጥረው ለዚህ ይመስለኛል። ቆስጠንጢኖስ በፈረንጅ 321 እሑድን የዕረፍት ቀን ሲያደርግ ግን ገበሬውን ተወው፤ አዝመራ አይጠብቅም ብሎ። ከጥንት ጀምሮ ከዝርዝሩ የሚወጣ አለ ማለት ነው። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በሕዝብ በዓል ለሠራ ሠራተኛ በሰዓቱ እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። ሞተረኛው ግን በወረቀት የእኔ ሠራተኛ አይደለም። በጉዞ ነው የምከፍለው። እንደ ገበሬው።

ቦቱ ይረፍ አይረፍ የሚለው ክርክር አይገባኝም፤ አይደክመውም። ችግሩ የክሩ ጫፍ ነው። ጫፉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ታስሯል፤ ክሩ ረዝሞ እኔ ሰውዬውን አላየውም። ሠራተኛ የለኝም እያልኩ የምኩራራው ለዚህ ነበር።

ነጥቡን መለስኩለት፣ የዚያን ቀን ክፍያም አጠፍኩ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ከዚያ «ከእንግዲህ በበዓል ሁሉ፣ በእናንተም በእኛም፣ እዘጋለሁ» አልኩት። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ዝም አለ፤ ከዚያ «ኢድን ይዝጉልኝ ጋሼ፤ ገናን ግን አይዝጉብኝ» አለኝ። ገና ሲሆን ሰሌዳው ስለሚዘጋ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፤ የገና ዕለት ደግሞ ሰው ስጦታ ይልካል፣ ጉርሻውም ደህና ነው። የእሱ በዓል አይደለም። ቤት ኪራይ ግን አለበት።

ትክክል ነው። ለሌሎቹ ሁለት ስነግራቸው ግን አንደኛው ተቆጣ። «እኔ ቅዳሴ ላይ ሆኜ ደንበኞቼን እሱ ሊለማመዳቸው ነው?» አለ። እሱም ትክክል ነው። ነጥብ በበዓል አይቆጠር ብል እንኳ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ የቀረው ሰው የቀረበትን ያውቃል። ወዳጄ ፕሮግራመሩ «እያንዳንዱ የራሱን ቀን ይሙላ፣ በሁለት ሰዓት እሠራልሃለሁ» ይለኛል። ይሠራዋል፤ አልጠራጠርም። ግን ያን ጊዜ እያንዳንዱ ለብቻው ያርፋል እንጂ አብሮ የቆመ አይኖርም። ወይስ በሁለት እምነት መካከል ሊኖር የሚችለው ይኸው ብቻ ነው? አንዱ ሲያርፍ ሌላው ቦታውን እየጠበቀለት? የጎረቤት ሙስሊሞች የገና ዕለት ቡና ሲጠጡልን፣ እኛም በኢድ ስንሄድላቸው ኖረናል፤ በዚያ መሐል ግን ነጥብ የሚቆጥር አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት አራታችን ጃክሮስ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ጋ ተቀመጥን። ኢድ፣ አረፋና ፋሲካ ላይ ያለ ክርክር ተስማማን፤ ይዘጋል። ዓድዋም ይዘጋል፤ እሱ ላይ እንዲያውም ማንም አልተናገረም። መውሊድን ሙስሊሙ ራሱ «አስብበት» አለ። ገና ላይ ስንደርስ ቡናው በረካ ደርሶ ነበር፤ ሁለቱ ተያዩ፣ ሦስተኛው ስልኩን አወጣ። ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በቦቱ ሰሌዳ ላይ ያለውን የቆየ ምልክት አንስቻለሁ፤ ምን እንደምሞላበት ስላላወቅሁ ሳጥኑ ባዶ ነው።