ለነፍስ የተሠራ ሥራ ዋጋ የለውምን?

ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፥ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚያም ዋግን ሲገዙ የነበሩት የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ስፍራ ከዘመን ወደ ዘመን አሻግሮ ለዛሬው ጐብኚ ያቆየው የመሥሪያ ቤት በጀት አይደለም፤ ካህኑና ባላገሩ ናቸው። ደጁን የጠረገ፥ የጐርፉን መውረጃ የቈፈረ፥ በክፉ ቀን ንዋየ ቅድሳቱን የሸሸገ ሰው ድካሙን በቀን ሒሳብ አላስጻፈም፤ ለነፍሱ እንደ ሠራው ቈጥሮታልና።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሰው በፈቃዱ ያለ ዋጋ የሠራውን ሥራ፥ እኛ ዋጋ እንደሌለው አድርገን ልንቀበለው ይገባናልን?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1895 የተመሠረተው ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር ጥንታዊ ቤቶችን ለጐብኚ ክፍት አድርጎ ሲያቆይ፥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች ይረዱታል። የሚመሰገን ነገር ነው። ዳሩ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ጡረታቸውን እየተቀበሉ ትርፍ ጊዜያቸውን የሚሰጡ ናቸው። የዋግ ገበሬ የሚሰጠው ግን ከእርሻው የተቀነሰ ቀን ነው፤ ያውም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እጅግ በተጐዳ፥ ዝናሙም ዛሬ እንኳ በማይታመን አገር። በቃል ሁለቱንም «በጎ ፈቃድ» እንላቸዋለን፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አንድ አይደሉም። (ደመወዜን በየወሩ የምቀበል እኔ፥ ስለ ነጻ አገልግሎት ክብር ለመጻፍ ብዕሬ ሲፈጥን ማፈሬ አልቀረም።)

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209፥ የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በገዛ ወጪው እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ የጥገናው ወጪ ከዐቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ለመሸፈን እንደሚችልም ይናገራል። ግዴታው የባለቤቱ፥ ፈቃዱ የመንግሥት ሆነ ማለት ነው።

«እንግዲያውስ ሥራው ሁሉ ለባለ ደመወዝ ይሰጥ» የሚል ሰው ቢኖር፥ ወደ ላሊበላ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ኢጣሊያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲጠግን፥ ከሥራው አንዱ ቀደም ባለው ጥገና ድንጋዩ ላይ የተቀባውን ሬንጅና ቀለም ማስለቀቅ ነበር። ገንዘብ ወጥቶበት፥ ሠራተኛ ተቀጥሮበት የተሠራ ጥፋት ነው። ድንጋዩ የት ላይ እንደሚያፈስ፥ ጐርፉ በየትኛው ወር ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው በዚያው ተወልዶ ያደገው ሰው ነውና፥ መሐንዲሱ ሳይጠይቀው መዶሻ ማንሣት አይገባውም።

ከጐብኚ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ ሰው የዕለት ቀለቡ ቢታሰብለት፥ የነፍሱ ዋጋ ይጐድልበታል ብለው የሚሠጉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በደቦ የሚውል ገበሬ ባለ እርሻው ጠላና እንጀራ አቅርቦለት ይውላል፤ በልቷልና ደቦው ቅጥር ሆነ ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።