መሬት ያልነካ ደም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የህንድን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ አዋሰኝ። የሥዕል አዋቂ አይደለሁም፤ እንዲሁ ሳገላብጥ ግን ዱርጋ የምትባለው የሂንዱዎች ጦረኛ እንስት አምላክ ዓይኔን ያዘችው። አንበሳ ላይ ተቀምጣ፣ በብዙ እጆቿ ጎራዴ፣ ቀስትና ባለ ሦስት ጫፍ ጦር ይዛ ማሂሻሱራ የተባለውን ጎሽ መሰል ጋኔን ትወጋለች። ፊቷን ብታዩት ግን፣ እናንተዬ፣ ቡና ልትቀዳ የተቀመጠች እመቤት ነው የምትመስለው! ቁጣ የሚባል ነገር የለባትም።

ነገሩ ከነከነኝ። ታሪኳ ያለው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተጻፈ በሚገመተው “ዴቪ ማሃትምያ” በተባለ የሳንስክሪት ድርሰት ውስጥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን ህንድ ተራሮች ግርጌ በጉለር የነበሩ ሠዓሊዎች በሥዕል አስጊጠውታል። ድርሰቱ እንደሚለው፣ ጋኔኑ ከሰማይ ያባረራቸው አማልክት ሲቆጡ ከሰውነታቸው ብርሃን ወጣ፤ ብርሃኑም ተጠራቅሞ ሴት ሆነ። ሺቫ ጦሩን፣ የሂማላያ ተራራ ደግሞ አንበሳውን ሰጧት። እንግዲህ ከቁጣ የተወለደችው ናት ሳትቆጣ የምትዋጋው።

እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን “ያልተቆጣ ሰው ለእውነት አልቆመም” ባይ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት ጉቦ ይበላ የነበረ ባልደረባዬን አጋለጥኩ። ማጋለጤ ልክ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። ግን በዚያ አላበቃሁም። አንድ ቀን ከትንሽ ልጁ ጋር መንገድ ላይ ሳገኘው “ሌባ!” ብዬ ጮኽኩበት። አባትየው ቅጣቱን ከጨረሰ ቆይቷል። ልጁ ግን ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ሲያየኝ ጥርሱን ነክሶ ያልፋል።

ይህ ልጅ ትዝ ያለኝ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ራክታቢጃን ሳይ ነው። የስሙ ትርጉም “የደም ዘር” ማለት ነው። ይህ ጋኔን ሲቆስል፣ መሬት የነካች እያንዳንዷ የደም ጠብታ እሱን የሚያህል ሌላ ጋኔን ታበቅላለች። በመቱት ቁጥር ይበዛል። ሜዳው በጋኔን ሲሞላ ዱርጋ ካሊን “አፍሽን ከፍተሽ ደሙን ጠጪ” አለቻት። አንዷ እየመታች፣ ሌላዋ ደሙን መሬት ሳይነካ እየዋጠች ጨረሱት።

ልብ በሉ፣ ጋኔኑ አልተማረም። “ቻል አድርጉት፣ ዋጥ አድርጉት” እያሉ ተበዳይን ዝም የሚያሰኙ ሰዎች ይህን ታሪክ ምስክር አድርገው ሊጠሩት አይችሉም። ምቱ ነበረ። ጥያቄው ከምቱ በኋላ የሚፈሰውን ማን ይሰበስበዋል የሚለው ነው። ሠዓሊዎቹ ዱርጋን ውብ አድርገው ሲስሏት፣ ካሊን ግን አጥንቷ የወጣ፣ ምላሷ የተዘረጋ፣ የምታስፈራ ጥቁር አድርገዋታል። የመምታቱ ክብር ለአንዷ፣ የመዋጡ ሸክም ለሌላዋ! እኛም ብንሆን አጋላጩን እናጨበጭብለታለን፤ ቂም እንዳይበቅል የሚደክመውን ግን ማን ያየዋል?

እኔ የመጀመሪያውን ሥራ ሠርቼ ሁለተኛውን ረስቻለሁ። እና ያንን ልጅ ላነጋግረው አስቤያለሁ። “አባትህ አልበደለም” ልለው አይደለም፤ በድሏል። “አንተ ፊት ግን ያንን ቃል መናገር አልነበረብኝም” እለዋለሁ። ይሰማኝ ይሆን? እንጃ።