ነጻነትና ቀጠሮው

ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ፍትሐ ነገሥት ይመሰክራል፤ ዳሩ ግን ያው መጽሐፍ የጦር ምርኮን ምክንያት አድርጎ ባርነትን ይፈቅዳል። እውነትን ማወቅ ብቻውን ሰንሰለት አልፈታም።

በለንደን እ.ኤ.አ. በ1787 የተመሠረተው የባሪያ ንግድ ተቃዋሚ ማኅበር የጀመረው ትግል በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ አስገኘ። የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የተመደበው ግን ለጌቶች እንጂ ለባሮች አልነበረም።

ኢትዮጵያም የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን አዋጅ አወጣች፤ በ1923 ሌላ ሕግ ተጨመረበት። በ1924 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፀረ ባርነት ማኅበር መልእክተኞች አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባርነት ከ15 እስከ 20 ዓመት ውስጥ እንደሚጠፋ ቃል ገቡ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።

የቀጠሮው ደጋፊዎች፣ መሬትና ጥሪት የሌለው ሰው በድንገት ቢለቀቅ ይራባል ይሉ ነበር። ሥጋቱ ሐሰት አልነበረም፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነበር። ረኀብ የሚያስፈራ ከሆነ መሬት መስጠት ይገባ ነበር እንጂ ነጻነትን ማዘግየት አይገባም ነበር። ለጌታው የመሰናዶ ጊዜ የሆነው ዓመት ለባሪያው የማይመለስ ዕድሜ ነው። ስለዚህ የአንድ ሕግ ፍትሐዊነት የሚመዘነው በተበዳዩ ዕድሜ መሆን አለበት።