ቀድሞ የደረሰው ሕዝብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጉዞ በታሰበ ቁጥር ከቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 አንድ ክፍል ይነበብልናል። ሐዋርያት ከስብከት ደክመው በተመለሱ ጊዜ፣ ጥቂት ያርፉ ዘንድ ጌታ በታንኳ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ይዟቸው መሄዱን የሚናገረው ነው። ንባቡን ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ እናቆመዋለን። ቀጥሎ ያለው ዕረፍት ለሚፈልግ መንገደኛ ደስ አያሰኝምና፤ ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ሐዋርያት ያረፉት ምናልባት ታንኳው ላይ ሳሉ ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኑት አባሎቻችን፣ ለእርዳታ ከሄድነው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር፣ በዝዋይ ሐይቅ ካሉት 5 ደሴቶች ትልቋ በሆነችው በቱሉ ጉዶ 3 ሌሊት አደርን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሐይቁን ስለሚያናውጠው የተሻገርነው በማለዳ ነው። አባቶች ደሴቲቱን ደብረ ጽዮን ይሏታል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት ጉዲት በተነሣች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ተሰደው የተጠጉት እዚህ ነው፤ የብራና መጻሕፍትም ተጠብቀውባታል። ነዋሪዎቹ ዛዮች ናቸው፤ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው ያርሳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከሴም ልሳኖች ወገን የሆነ የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ጥቂት ቃላት ለመያዝ ሞክረን ልጆቹ በአነጋገራችን እስኪበቃቸው ሳቁ።

ነገሩ የተነሣው በመጀመሪያው ምሽት ነው። መዝሙር ስንጀምር የደሴቲቱ ወጣቶች መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ፤ በማግሥቱ በዙ። በመርሐ ግብር ኮሚቴው ዘንድ ክርክር ሆነ። አንዱ ወገን «ስንቁ የተሰፈረው ለ38 ሰው ነው፤ ውይይቱም የራሳችን ነው» አለ። ይህን ሐሳብ የንፉግ ሐሳብ ብለን አናቃልለውም። ከመካከላችን በጓደኞቿ ፊት ብቻ ልትናገረው የምትችለው ጭንቀት ይዛ የመጣች እኅት ነበረች፤ ለወራት የጠበቀችው ያንን ሰዓት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ለመሆኑ እንግዳው ማን ነው? ግቢውስ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

በዚህ መካከል አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያንኑ ምዕራፍ ገልጦ ወረድ ብሎ አነበበ። ሐዋርያትም ሕዝቡ ይሰናበት ብለው ነበር። አስልተዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ለመመገብ የ200 ዲናር እንጀራ እንደሚያስፈልግ ለጌታ ነግረውታል። ጌታ በስሌታቸው አልተከራከራቸውም፤ ስንት እንጀራ እንዳላቸው ሄደው እንዲያዩ ላካቸው እንጂ። እኛም ስንቁ ወደተቀመጠበት ሄደን አየን፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጥቂት ስኳር። የጠዋቱ ውይይት ለአባሎች ብቻ ሆኖ እንዲቀር፣ የማታው ጉባኤና ማዕድ ግን የሁሉም እንዲሆን ተወሰነ። እኅታችንም ሰዓቷን አገኘች።

ተአምር ሆነ ብለን አንጽፍም። ዳቦው በቀጭኑ ተቆረሰ፤ በመጨረሻው ጠዋት የቀረልን ሻይ ብቻ ነበር፤ ያጉረመረመም አልጠፋም።

ከልባችን ያልወጣው በሦስተኛው ምሽት አንድ የደሴቲቱ ልጅ የተናገረው ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ተሻግሮ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። «እናንተ እግዚአብሔርን ፍለጋ ወደዚህ ትሻገራላችሁ። እኔ ስሻገር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ጉባኤው ሲያልቅ ወጥቼ እሄዳለሁ፤ እስካሁን ስሜን የጠየቀኝ የለም» አለ፤ እንደ ዋዛ፣ ፈገግ እያለ። ማንም ወዲያው መልስ አልሰጠውም። በኋላ አንዲት እኅት ስሙን ጠየቀችው፤ ሁሉም ሳቀ፣ እርሱም ሳቀ።

ከተመለስን በኋላ የአባላት መዝገባችንን አገላበጥን። ከጥቂቶች በቀር ሁላችንም የዚሁ ሰፈር ልጆች ነን። በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ ግን ለትምህርት ከየገጠሩ መጥተው አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች አሉ፤ በቅዳሴ ሰዓት ከበሩ አጠገብ ቆመው እናያቸዋለን። የሚቀጥለው ጉዞ ከትንሣኤ በኋላ ታስቧል፤ ስንቁ ገና አልተሰፈረም። ከእነርሱ መካከል ስሙን የምታውቁት ካለ፣ ካላወቃችሁም ጠይቃችሁ፣ እስከ ሆሣዕና እሑድ ድረስ ለጸሐፊው አስመዝግቡ።