ገናን ልታከብር ስትሄድ የዓሣዎችህ ውሃ

ልጄ፣ ለበዓሉ አገር ቤት 10 ቀን ልትቆይ ነው፤ አኳሪየምህ ግን ቤት ይቀራል። ስለ ምግቡ አትጨነቅ። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ለዚያን ያህል ቀን ቢጾም አይሞትም። ይልቅስ ጎረቤት አዝኖለት የሚያፈስለት ምግብ በስብሶ ውሃውን ሲመርዘው ነው የሚሞተው። አንተ ስለ ውሃው አስብ።

በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። ማሞቂያው ውሃውን 25 ዲግሪ ላይ ሲያቆየው ክፍሉ ግን ስለሚቀዘቅዝ፣ ውሃው ሲተንን ያድራል። ጎድሎ ጎድሎ ማሞቂያው ከተጋለጠ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ማጣሪያም ቢሆን ውሃው ከወረደበት፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ መሳብ ያቅተዋል።

መጀመሪያ ለካ። መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ የዛሬውን ከፍታ ምልክት አድርግና ከጥቂት ቀናት በኋላ እየው። ገንዳህ 80 በ35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንዷ ሳንቲ ሜትር 2.8 ሊትር ናት። በቀን 3 ሚሊ ሜትር ከጎደለ በ10 ቀን 8.4 ሊትር ያስፈልግሃል ማለት ነው። መስታወት ክዳን ከሌለህ አስቆርጥና ክደን፤ ከዚያ እንደገና ለካ። ከየትኛውም ውሃ መሙያ መሣሪያ ይልቅ ክዳን ይጠቅምሃል፤ ሻጮቹ ይህን አይነግሩህም።

አሁን የጎደለውን ውሃ በራሱ ወደሚሞላው መሣሪያ። ሁሉም ሰው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንተ «ሲበላሽ ምን ያደርጋል?» ብለህ ጠይቅ። ውሃ ማቆም ያቃተው መሣሪያ ውሃ ካልሞላው ይብሳል። 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተህ ከፍ ያለ ቦታ ሰቅለህ፣ ሮቶ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ትንሽ ተንሳፋፊ ቫልቭ ገጥመህለት ሄድክ እንበል። ቀንድ አውጣ ወይም የቅጠል ቁራጭ ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ክፍት ካስቀረው፣ ገንዳው ላይ የቀረው ባዶ ቦታ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ 14 ሊትር ያህል ወለሉ ላይ ይፈስሳል። የመብራት ማከፋፈያህ የት እንዳለ አስብ።

ስለዚህ ተንሳፋፊውን ከጠርዙ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ግጠመው፤ ጀሪካኑ ውስጥም 10 ሊትር ብቻ ጨምር። የፈለገው ቢበላሽ ውሃው 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይነሳል እንጂ አይፈስስም። ለዚሁ ነው ከቧንቧ ጋር በቀጥታ እንዳታገናኘው የምልህ፤ ቧንቧ ማለቂያ የለውም፣ ፈረቃው ሲደርስ በግፊት ይመጣል፣ ክሎሪንም አለበት። ጀሪካኑ ውስጥ የምትጨምረውን ውሃ አንድ ሁለት ቀን ሳትከድን አሳድረው።

ሴንሰርና ፓምፕ ያለውን ከመረጥክ ማጠራቀሚያውን ከገንዳው በታች፣ የቱቦውን ጫፍ ደግሞ ከውሃው በላይ አድርግ። ማጠራቀሚያው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፓምፑ ቆሞም ውሃው መውረዱን ይቀጥላል፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ የገንዳው ውሃ ወደ ኋላ ይፈስሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይህ መሣሪያ ምንም አያደርግም፤ ለእኛ ቤት እኔ ተንሳፋፊውን እመርጣለሁ።

ገንዳህ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ከነአካቴው ሃይላንድ ይበቃህ ነበር። ሞልተህ ትዘቀዝቀውና አፉ ልክ የውሃው ከፍታ ላይ እንዲሆን ታስረዋለህ። ውሃው ሲጎድል አፉ ይገለጣል፣ አየር ይገባል፣ በምትኩ ውሃ ይወርዳል፤ አፉ መልሶ ሲሸፈን ይቆማል። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ ግን አታድርገው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ውሃውን ይገፋዋል።

አንድ ነገር አለ፣ ብዙዎች የሚዘነጉት። የሚተንነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨውና ማዕድኑ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። የዝዋይንና የአቢጃታን ሐይቆች ተመልከት። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል መውጫ ስላለው ውሃው ጨዋማ አይደለም፤ ቡልቡላ የሚገባበት አቢጃታ ግን መውጫ የለውም፣ ውሃው በትነት ብቻ ስለሚሄድ ሶዳ ሆኗል። መሣሪያህ ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ የዓሣውንም ቆሻሻ አያወጣልህም። ስለዚህ ከመሄድህ ሁለት ቀን በፊት ከውሃው ሩቡን ቀይር፤ ስትመለስም እንዲሁ። የባሕር ዓሣ ካለህ ደግሞ የጎደለውን በጨዋማ ውሃ እንዳትሞላ፤ ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው የሚጨመረው።

መሣሪያውን በመሄጃህ ዋዜማ አትግጠም። አንተ ቤት እያለህ ሳምንት ይሥራ፤ ተንሳፋፊውን በጣትህ እየጫንክ መክፈቱንና መዝጋቱን እይ። ቁልፉን ለጎረቤት ስትሰጥ የምግቡን ቆርቆሮ ደብቅ፤ አንድ ሥራ ብቻ ስጣቸው፦ ወለሉ ላይ ውሃ ካዩ የጀሪካኑን ቧንቧ ይዝጉ፣ ከዚያ ይደውሉልህ።