ቁጭ ብሎ የሰገደ ሰው ሶላቱ ጎደለ ወይ?




ዛሬ ብዙም የማንነጋገርበትን ጉዳይ ላንሳ። በሀገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። አንዲት እህት ስትታመም እንጠይቃታለን፣ ዱዓ እናደርግላታለን፣ ለህክምናዋ ገንዘብ እናሰባስባለን፤ አልሐምዱሊላህ። ህክምናው ሲያልቅ ግን "እንኳን አላህ ማረሽ" ብለን ወደየጉዳያችን እንበተናለን። ወደ ስራዋ ስትመለስ ምን ይገጥማት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እስቲ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር እህትን እናስብ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። በየ3 ሳምንቱ ኬሞ እየወሰደች ወራት አልፈዋል፤ ከዚያ የጨረር ህክምና ተከትሏል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት የህመም ፈቃዷ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ህክምናው ከዚህ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ወደ ስራ የምትመለሰው ሰውነቷ ስለጠና ሳይሆን ፈቃዷና ብሯ ስላለቀ ሊሆን ይችላል።

የረገፈውን ፀጉሯን ሒጃቧ ሸፍኖታል። ባልደረቦቿ የሚያዩት ጤነኛ ሰው ነው። እነሱ የማያዩት ብዙ ነገር አለ። ከብብቷ ስር ዕጢዎች ወጥተው ከሆነ በዚያ በኩል ያለው እጇ ሊያብጥ ይችላል፤ ክንዷን አንስታ ሰሌዳው ላይ መጻፍ፣ የ50 ተማሪ ደብተር ተሸክማ መሄድ ይከብዳታል። እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ከህክምናው በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የምታውቀው የተማሪ ስም ድንገት ይጠፋባታል። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ይዛ "ክፍለ ጊዜዬ ትንሽ ይቀነስልኝ" ስትል የሚመጣላት መልስ "ድነሻል አይደል እንዴ?" የሚል ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከበሽታ የተነሳ ሰው ከሌላው ያነሰ ሰርቶ እንደ ሌላው ቢቆጠር ፍትህ ነው? ወይስ የባልደረቦቹን ሐቅ መንካት ነው?

መልሱን በየቀኑ 5 ጊዜ በምንሰግደው ሶላት ውስጥ እናገኘዋለን። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ነበረባቸው። ሰው ለማውራት የሚያፍርበት በሽታ ነው፤ እሳቸው ግን እንዴት ልስገድ ብለው ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ቡኻሪ እንደዘገቡት የተሰጣቸው መልስ ከቻሉ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው እንዲሰግዱ ነው። አያችሁ? "ወይ እንደ ሰው ቁም፣ ወይ እስክትድን ሶላቱን ተወው" አልተባሉም። ዲናችን ሰውን ጤነኛና በሽተኛ ብሎ ለሁለት ብቻ አይከፍልም። በመሀል ላለውም ሰው ቦታ አለው፤ ስሙም ሩኽሳ ነው።

"ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው የቆመው አጅር ግማሽ ነው የሚል ሐዲስ የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አለ። ዑለሞች ግን ይህ መቆም እየቻለ ሱና ሶላትን ተቀምጦ ለሚሰግድ ሰው እንደሆነ አስረድተዋል። መቆም ላልቻለ ሰው አጅሩ ሙሉ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሰግዱ ብናይ ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ አላህ ዘንድ ግን ሚዛናቸው ይለያያል። ልዩነቱ ያለው በሰሩት መጠን ሳይሆን በቻሉት መጠን ላይ ነው።

የስራ ቦታም እንዲሁ ነው። እየቻለ የሚለግም ሰው አማናውን በልቷል። የምትችለውን ሁሉ ሰጥታ ከሌላው ያነሰ የሰራች ሴት ግን አማናዋን ተወጥታለች። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት እኩልነት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ዙልም አለ።

"የእሷን ክፍለ ጊዜ ማን ይሸፍን?" የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሸክሙን አንድ ባልደረባ ላይ መጣል እሱንም መበደል ነው። እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የአለቃው ነው። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ሲያሰግዱ ቂርአቱን ባስረዘሙ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጥተዋቸዋል፤ ከኋላ ደካማም፣ ጉዳይ ያለውም እንዳለ አስታውሰዋቸዋል። ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስን (ረ.ዐ) ኢማም አድርገው ሲሾሙም በጣም ደካማ የሆነውን ሰው እንዲመለከቱ አዘዋቸዋል። ጀመዓው ለደካማው ሲባል ሶላቱ ስላጠረ የተበደለ የለም። ርዕሰ መምህርም፣ ስራ አስኪያጅም፣ የሱቅ ባለቤትም በያዘው ቦታ ኢማም ነው። ክፍለ ጊዜውን ለብዙ ሰው ማከፋፈል፣ ለጥቂት ወራት ግማሽ ቀን ማሰራት፣ ሰሌዳ የማያስፈልገውን ስራ ለእሷ መስጠት ብዙ ወጪ የለውም።

ለአንቺም፣ በዚህ መንገድ ላይ ላለሽው እህቴ፣ አንድ ነገር ልበል። ማረፍ እፈልጋለሁ ማለት ሰብር ማጣት አይደለም። ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ አላህም ታጋሽ ብሎ አወድሷቸዋል። ሰው በሽታ ሲይዘው በጤናው ጊዜ ይሰራው የነበረው መልካም ስራ እንደሚጻፍለትም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። አላህ ዘንድ ያልጎደለብሽን ሰው ጎደለ ቢልሽ አትዘኚ።

እኛ ወጣቶች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የምንችለው ትንሽ ነገር አለ። የቱ ጋ እንደተቀደደች፣ ምን እንደተቆረጠ አንጠይቃት፤ የነገረችንንም ለሌላ አናውራ። ደብተሩን እንያዝላት። ስትረሳ አንሳቅ። ስሟ በስብሰባ ላይ "ሰነፍ ሆናለች" ተብሎ ሲነሳ ዝም አንበል። ሶፍ ላይ ወንበር ይዞ የሚሰግድን አባት እንዴት በአክብሮት እንደምናልፍ እናውቃለን። ያንኑ አክብሮት ወደ ቢሮ፣ ወደ ክፍል፣ ወደ ሱቅ ይዘን እንግባ።

አላህ በህመም ላይ ያሉትን ሁሉ አፊያ ያድርግልን፤ ወደ ስራ የተመለሱትን ያበርታልን፤ እኛንም የሰው ሸክም የምናቀል ያድርገን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። መልካም ጁምዓ!