ሳይደክሙ ማረፍ

ከአዲስ አበባ ተነስቼ በብስክሌት ብቻዬን ወደ ሞያሌ ስሄድ ሐዋሳ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እንደማርፍ ከቤቴ ሳልወጣ ወስኜ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ዕረፍቱ ትርጉም አጣብኝ። ሞጆን ካለፉ በኋላ መንገዱ በስምጥ ሸለቆው ወለል ነው የሚሄደው፤ በመቂ፣ በባቱ፣ በላንጋኖ በኩል ከሙቀቱና ከከባድ መኪናው በቀር እግር የሚፈትን ነገር ብዙም የለም። ሐዋሳ የገባሁት በደህና ጉልበት ነው። እግሬ ካልደከመ ማረፉ ምን ይባላል? ስንፍና ነው ወይስ ጥንቃቄ? ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሰውነቴን ጠየቅሁ። እግሬ «እንሂድ» አለ። ልብሴን ስለብስ ግን የሸሚዜ ቁልፍ ከቀኝ እጄ ሾልኮ ይወጣ ጀመር፤ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ደንዝዘዋል። ይህ በብስክሌተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በመዳፍ ውስጥ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ መሪ ላይ ለሰዓታት ሲደገፉ ይጫናል፣ ጣቶቹም ስሜት ያጣሉ። የሚሻለውም እጅ ከመሪው ላይ ሲነሳ ነው። እንግዲህ ከአንድ ሰውነት ሁለት ምስክር ወጣ፤ እግር ሂድ ይላል፣ ጣት ቁም ይላል።

የእግሩ ቃልም ቢሆን የሚታመን አይደለም። ጡንቻ ከምንበላው እህል የሚያከማቸው ነዳጅ ግላይኮጅን ይባላል፤ በአንድ ጎልማሳ ጡንቻዎች ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም፣ በጉበቱ ደግሞ 100 ግራም ያህል ይኖራል። በየቀኑ ረጅም ሰዓት ፔዳል የሚመታ ሰው ይህን በአንድ እራት አይተካውም፤ በደንብ እየበላ አንድ ቀን ከዋለ ግን ጎተራው ተመልሶ ይሞላል። ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ እግር «በረታሁ» ሲል የጡንቻውን ይናገራል እንጂ የጉልበቱን ጅማት አያውቅለትም።

እስከዚህ ድረስ ዕረፍቱ ያሸነፈ መሰለኝ። ግን ሌላ ጥርጣሬ ተነሳ፦ ቀኑን ከሳምንታት በፊት አዲስ አበባ ሆኜ ከምወስን፣ ለምን ሲደክመኝ አላርፍም? ድካም ራሱ ትክክለኛው ምልክት አይደለም?

ያደርኩበት ፔንሲዮን ባለቤት እማማ ብስክሌቴ ከግድግዳው እንደተደገፈ ሲያዩ ደንገጥ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ ልረፍ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ደህና ከሆንክ ምን ያስቀምጥሃል? መንገድ በጠዋት ነው።»

እኔም ከእርሳቸው የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ጤነኛ ሰው ይሄዳል፣ የታመመ ይተኛል። ሆኖም እማማ ይህን ሲሉኝ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ወሩ በገባ በ12 ነው፤ ሚካኤል። ያን ቀን እህል አያስፈጩም፣ ልብስ አያጥቡም። ደክሟቸው ነው? አይደለም፤ ቀኑ ስለሆነ ነው። መልሱን እሳቸው ሳያስቡት የሰጡኝ ያኔ ነው።

በደጋው አገር ገበሬ በሰንበት በሬውን የሚፈታው በሬው ሲዝል ጠብቆ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ የሰባተኛው ቀን ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ጭምር የታዘዘ ነው። እኛ አገር ቅዳሜ ይከበር አይከበር በሚለው ክርክር የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ለረጅም ጊዜ ተሳድደዋል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ እስኪወስን ድረስ። በዚያ ሁሉ ሙግት ውስጥ «ሰዉ ደክሞታል ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ጥያቄው የቀን ጥያቄ ነበር። የበዓላት ብዛት ሥራ ያስፈታል የሚለውን ወቀሳ አውቀዋለሁ፤ ቁም ነገርም አለው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በሬው «ደከመኝ» ማለት ስለማይችል ሌላ ወስኖለታል። ብቻውን የሚጓዝ ብስክሌተኛ በሬውም አራሹም እሱ ነው።

ይህ እምነት ላላቸው ብቻ የሚሠራ ነው እንዳልል፣ ስለ ሽልማትና ድል ብቻ በሚያስቡ ብስክሌተኞች ዘንድም ያው ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ያኔ 6 ዙር ብቻ ነበረው፤ እያንዳንዱ በአማካይ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በመካከሉም የዕረፍት ቀናት ነበሩ። ዛሬ 21 ዙርና 2 የዕረፍት ቀን አለው። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በዚህ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የሚያርፍባቸውን ቀናት እሱ አልመረጠም። ውድድሩ ሳይጀመር ከወራት በፊት በመርሐ ግብሩ ወጥተዋል። ሐኪምና አሠልጣኝ ከጎኑ ያለው ባለሙያ እንኳ ቀኑ ከተወሰነለት፣ ማንም ከጎኑ የሌለው እንዴት ለስሜቱ ይተወዋል?

አንድ ተቃውሞ ቀረኝ። ከዕረፍት ማግሥት እግር ይከብዳል፤ ባለሙያዎቹም ያንን ጠዋት ይፈሩታል። ማረፍ ከጎዳ ምን ይጠቅማል? ምክንያቱን ሳየው ግን እንደማይጎዳ ገባኝ። 1 ግራም ግላይኮጅን ጡንቻ ውስጥ ሲከማች 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው፤ ጎተራው ሲሞላ ሰውነት ይከብዳል። በጠዋቱ የሚሰማው ክብደት በከፊል የስንቅ ክብደት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝግ ብሎ ሲነዱ ይለቃል።

ከዚያ በኋላ አልተሟገትኩም። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩ። የኋላ ጎማውን እያሽከረከርኩ በጣቴ ስነካካ አንድ ራጂ ላልቶ አገኘሁ፤ ጎሚስታው ዘንድ ወስጄ አስጠበቅሁት። ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ በላሁ፤ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ብዙ ተቀመጥኩ። እዚያ ስቀመጥ ነው ዋናው ነገር የታየኝ። እግር በየሌሊቱ ያርፋል። የማያርፈው ውሳኔ ነው። ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ቦታ ይሰጠኛል ወይ? ውሃው እስከሚቀጥለው ከተማ ይበቃል? ያ ውሻ ይከተለኛል? የት አድራለሁ? «ብቻህን? ለምን?» ብሎ መንገድ ዳር የሚያስቆመኝን ሰው ልመን? ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ይካፈላል፤ ብቻውን ያለ ሁሉንም ይሸከማል። ይህ ድካም ደግሞ እንደ ጉልበት ሕመም አይሰማም፤ ምክንያቱም «ደክሞኛል ወይ?» ብሎ የሚመረምረው ራሱ የደከመው አእምሮ ነው። ሲደክመኝ አርፋለሁ የሚለው ሐሳብ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ብቻችሁን ረጅም መንገድ የምትወጡ ሁሉ፣ የዕረፍት ቀናችሁን ቤታችሁ ሳላችሁ ወስኑት። ከታመማችሁ ቀድማችሁ ቁሙ፤ የተወሰነውን ቀን ግን አትለፉት። ውሃና ትኩስ ምግብ ያለበት፣ በሩ የሚቆለፍ ክፍል የሚገኝበት ከተማ ምረጡ፤ ወደ ሞያሌ የምትሄዱ ከሆነ ከያቤሎ በኋላ አገሩ ደረቅ ነውና አንዱን ቀን ከዚያ በፊት አድርጉት። የዕቅዳችሁንም ግልባጭ ለአንድ ዘመድ ስጡ፤ በዚያ ቀን ደውሎ «ቆመሃል?» ብሎ ይጠይቃችሁ።